እናቴ አልሞተችም

ሞትን በመደበቅ የሚስተካከለን ያለ አይመስለኝም። ሰው ሲያርፍ፣ ርቆ ያለ ልጅ ካለው፣ ሟቹን በቃላችን እያኖርን ወራት እንገፋለን። «ርኅራኄ ነው» የሚል ካለ ቀርቦ ይከራከረኝ። እኔ ሰቆጣ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ፤ ዛሬ ግን የማወራው የራሴን ቤት ነው።

አባታችን ያረፈው በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ፣ በጦርነቱ ምክንያት ስልክም መንገድም በተቋረጠበት ጊዜ ነው። እህቴ ምሕረት ያኔ ኖርዌይ፣ በርገን የምትባል ከተማ ከገባች አምስት ዓመቷ ነበር፤ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። መስመሩ እንደተመለሰ መጀመሪያ የደወለችው ለእኔ ነው።

«አባስ?» አለችኝ።

«ጸበል ወርዷል» አልኳት። አስቤበት አልነበረም፤ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።

የአባታችን ወንድም አያ ቅጣው «መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሰው ተፈልጎ በሰው ነው» ብለው ወሰኑ። ሰው እስኪፈለግ ሰባት ወር ሄደ። በሰባቱ ወር ውስጥ ምሕረት ለአባታችን የደም ግፊት ክኒን በመንገደኛ እጅ ሁለት ጊዜ ላከች። «ድምፁን ካላሰማችሁኝ» ብላ ስታስጨንቀን ደግሞ ድምፃቸው ከአባታችን ድምፅ የማይለየው አያ ቅጣው ስልኩን ተቀብለው «አለሁ ልጄ፣ በርቺ» አሏት። ይህንንም ሁለት ጊዜ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ማለዳ በርገን ያሉ የአገራችን ሰዎች ተሰብስበው በሯን አንኳኩ፤ ገብተው፣ ሳይቀመጡ፣ ነገሯት። ከነሱ መካከል የሰቆጣው ባለሱቅ የዓብዱረሕማን ልጅ ረውዳ ነበረች። ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው። ረውዳ ከሰባቱ ወር ስድስቱን ታውቅ ነበር፤ እያወቀች በየሳምንቱ አብራት ምሳ ትበላ ነበር። ምሕረት የአያ ቅጣውንም ነገር ያን ሰሞን አወጣጣችኝ። ረውዳን ግን ዳግም አላናገረቻትም።

ያን ሰሞን የጀመራት ነገር እስከ ዛሬ አለ። ስልክ ሲጠራ እጇ ይደነዝዛል። በር ሲንኳኳ ደረቷ ይጠብና ትንፋሽ ያጥራታል። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ሳለ «አሁን መሞቴ ነው» የሚል ነገር ድንገት ይመጣባትና በማታውቀው ፌርማታ ላይ ትወርዳለች። ይህን የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው፤ «ለእማ እንዳትነግራት» ብላ አስምላኛለች። እኔስ ምን አልኳት? «ዝቋላ፣ ቆላችን ወርደሽ አንድ ቀን ማሽላ ብታጭጂ ይለቅሽ ነበር» አልኳት። የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ያልኩት ግን ይህን ነው።

እሷ ግን ከእኔ ምክር ይልቅ የራሷን መንገድ ያዘች። ቶሪል የምትባል የሥነ ልቦና ሐኪም አገኘች፤ በየሳምንቱ ሐሙስ ትሄዳለች። ከብዙ ቀጠሮ በኋላ ቶሪል «ፍርሃትሽ ሲመጣ በምን ቋንቋ ነው የሚናገርሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ምሕረት እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦላት አያውቅም። አሰበችና «በኻምጣኛ» አለች፤ የቤታችን ቋንቋ ነው።

«ምን ይልሻል?»

«ሁሉም ያውቃሉ፣ አንቺ ብቻ አታውቂም፣ ይለኛል።»

ባለፈው ኅዳር ቶሪል እኔን ማነጋገር እንደምትፈልግ ምሕረት ነገረችኝ። በቪዲዮ ሦስታችንም ተገናኘን፤ በእንግሊዝኛ ነበር የምናወራው። ለክርክር ታጥቄ ነው የቀረብኩት።

«እውነቱን በቀጥታ ብትነግራት ምን ይሆናል ብለህ ትሰጋለህ?» አለችኝ።

«የምሰጋው ነገር የለም። የሞት ዜና በኢሜይል የሚላላክ አገር ግን ስለ መርዶ ሊያስተምረኝ አይችልም።»

አልተቆጣችም። ያበሸቀኝም ይኸው ነው። «ላስተምርህ አልመጣሁም» አለች። «እህትህ የምትጠይቅህ ነገር ስላላት ነው፤ እሷን ስማት።»

ምሕረት በአማርኛ ተናገረች። «ኪዳኑ፣ እማ ደህና ናት ስትለኝ ደህና መሆኗን ማወቅ እፈልጋለሁ። ክፉ ነገር ከመጣም በመጣበት ቀን ንገረኝ። ክፉውን እችለዋለሁ። ያልቻልኩት ደጉን ማመን ነው።»

«ከእንግዲህ አልዋሽሽም» አልኳት።

ያን ቀን እናታችን የዓይኗ ብርሃን ከጠፋ አንድ ወር አልፎት ነበር። ዓመት ሙሉ «ጭጋግ ጭጋግ ይለኛል» ስትል የእርጅና ነው ብለን ዝም አልን፤ ሐኪም ዘንድ ስንደርስ «ዘግይታችኋል» ተባልን። «ለምሕረት እንዳትነግሯት» ያለችው ራሷ እማ ናት። እኔም ቶሪል ፊት፣ ዓይኔን ካሜራው ላይ ተክዬ፣ ቃል ገባሁ።

ጥር ውስጥ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ስልኬ ጠራ።

«እማ ሞታለች?»

«ማን አለሽ?»

«መልስልኝ ኪዳኑ።»

«አልሞተችም! ምን ሆነሻል?»

«ሽማግሌዎች መጥተው ነበር» አለች። የምታወራው እየተቆራረጠች ነው፤ ሆስፒታል ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ረውዳ ሦስት ዓመት ካኮረፈቻት ጓደኛዋ ጋር እንዲያስታርቋት ሽማግሌ ለመነች። አስታራቂ ማለዳ ይሄዳል፤ እነሱም ማለዳ ሄዱ። አስታራቂ «እሺ» ሳይባል አይቀመጥም፤ እነሱም ጋቢያቸውን እንደለበሱ ሳሎኗ መካከል ቆሙ። «ተቀመጡ» ብትላቸው ዋናው ሽማግሌ ጋሽ ሀይሉ «መጀመሪያ ልብሽን አጽኚና ስሚን» አሏት። ከኋላቸው ረውዳ ታለቅሳለች። እንግዲህ ፍረዱ! ለእርቅ የሚመጣ ሰውና ለመርዶ የሚመጣ ሰው በእኛ አገር ሰዓቱም አንድ፣ ፊቱም አንድ፣ አቋቋሙም አንድ ነው። ምሕረት የቀረውን አልሰማችም። ወደቀች። አምቡላንስ መጣ፤ ሆስፒታል ልቧን መረመሯትና ጤነኛ ነው አሏት።

«ለእርቅ ነው የመጡት እኮ» አልኳት። «ራሳቸው ነግረውሻል።»

«ስወድቅባቸው ደንግጠው ወሬውን ለወጡት። እንደዚህ አይደለም የምታደርጉት? የሰው አቅም ታይቶ ይራዘም አይደል የምትሉት?»

ልክ እንደዚያ ነው የምናደርገው።

«እማን አሳየኝ» አለች። «ድምፅ አልፈልግም። ድምፅ ሰምቻለሁ። ፊቷን አሳየኝ።»

እናታችን ያለችው ደሃና ወረዳ ውስጥ፣ ከአምደወርቅ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ መንደር፣ አያ ቅጣው ግቢ አጠገብ ነው። እዚያ ስልክ አይሠራም፤ መስመር የሚገኘው ከመንደሩ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። ከሰቆጣ የምትነሣው የመጨረሻዋ ሚኒባስ ልትሞላ ሁለት ሰው ቀርቷት ደረስኩባት።

መንገድ ላይ ደጋግማ ደወለች። እኔም ደጋግሜ ጮህኩ። «ነገርኩሽ እኮ! እናቴ አልሞተችም! አልሞተችም አልኩሽ!»

አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። «እግዜር ያጥናህ ልጄ» አሉኝ።

«እናቴ በሕይወት አለች፣ እማማ!»

«አዎ አለች፣ አለች። አይዞህ» አሉ፤ ሕፃን በሚያባብል ድምፅ። ሹፌሩ ዘፈኑን ዘጋ። ከኋላ አንድ ሰው «እንዲህ ነው፣ መጀመሪያ ላይ አላምን ይላል» ብሎ ሲያስረዳ ሰማሁት። በንዴት ጨስኩ፤ ግን በማን ላይ ልናደድ? እውነት ተናግሬ የሚያምነኝ ጠፋ፤ ዋሽቼ ያልታመንኩበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም።

አምደወርቅ ስደርስ መሽቶ ነበርና እዚያው አደርኩ። በማግስቱ ጠዋት ስደውል ስልኩን ያነሣችው ረውዳ ናት። ምሕረት ካሁን አሁን ታስወጣኛለች እያለች ከሆስፒታል አብራት ገብታ ነበር፤ አላስወጣቻትም፣ አላናገረቻትምም።

«ገላዋን እየታጠበች ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ኪዳኑ፣ ለእኔ ብቻ ንገረኝ። ሞታለች አይደል? እኔ ቀስ ብዬ አሰማታለሁ።»

«አንቺም?!»

«እኔማ ሽማግሌ የላክሁት ለእርቅ መሆኑን አውቃለሁ። ግን በአጋጣሚው ሌላም ነገር ኖሮ እንደሆን ብዬ...»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት።

መንደር ስደርስ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰዋል፤ እማ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። ጣቶቿ ገለባውን ከፍሬው ሲለዩ ዓይን የሚያስፈልጋቸው አይመስሉም። አያ ቅጣው ደጃፉ ላይ ናቸው። ሽማግሌዎቹ መጥተው ምሕረት መርዶ እንደመሰላት፣ የእማንም ፊት ካላየች እንደማታምን ነገርኳቸው። መውደቋን ግን አልተናገርኩም፤ ምያለሁና። አያ ቅጣው ጢማቸውን እየዳበሱ ጥቂት ካሰቡ በኋላ መላ አገኙ።

«ቀላል ነው» አሉ። «ጉብታው ላይ እንወስዳታለን። ፊቷን ወደ ስልኩ እናዞርላታለን። ዓይኗን ስትጨፍን ፀሐይ ወጋት እንላለን። ሁለት ቃል ትናገርና አንተ መስመሩን ቁረጠው። መስመር እንደሁ ሁልጊዜ ይቆረጣል፤ ማን ይጠረጥራል?»

«ደግ ብለሃል ቅጣው» አለች እማ።

«አያ ቅጣው» አልኩ፣ «አባቴን ሆነው አወሩ። ዛሬ ደግሞ እማን ዓይናማ ሊያደርጓት ነው?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ወንድሜን በቀበርኩ በስንተኛው ወር በእሱ ድምፅ ‹አለሁ› ማለት ቀላል መስሎሃል? ከዚያ ወዲህ እኔ ራሴ ስናገር ድምፄን እሸሸዋለሁ። ለልጅቱ ብዬ ነው ያደረግሁት።»

ይህን ሲሉ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። ከሦስት ዓመት በላይ ስገስጻቸው ኖሬ አንድ ቀን እንኳ እንዴት እንደቻሉት አልጠየቅኋቸውም።

«እኔ ነኝ አትንገሯት ያልሁ» አለች እማ። «ሰው አገር ብቻዋን ናት። ሰምታ ብትወድቅ ማን ያነሣታል? እሱን አትቆጣ፣ እኔን ተቆጣ።»

«እማ፣ ትናንት...» ብዬ ቆምኩ።

እጇ ባቄላው ላይ ቀረ። «ትናንት ምን?»

«ራሷ ትንገርሽ።»

«ታማለች?»

«ራሷ ትንገርሽ አልኩሽ።»

ሰፌዱን ከጭኗ አወረደችና ተነሣች። «ዱላዬን አቀብለኝ» አለች። «ውሰደኝ።»

ጉብታው ለእኔ ሩብ ሰዓት ነው፤ ለእሷ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀባት። አያ ቅጣው ከኋላ መጡ፤ እንዲመጡ አልጠየቅናቸውም። ላይ ስንደርስ እማን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ፣ ስልኩን ወደ ራሴ አዙሬ ደወልኩ። የምሕረት ፊት መጣ። ዓይኖቿ አብጠዋል፤ በትከሻዋ በኩል የረውዳ ሻርፕ ይታያል።

«የት አለች?»

«አጠገቤ ናት። ከማሳየቴ በፊት የምነግርሽ ነገር አለ።»

«ኪዳኑ!»

«በሕይወት አለች። ዓይኗ ግን አያይም። ሁለቱም። ከጥቅምት ጀምሮ። በቶሪል ፊት አልዋሽሽም ስልሽ እየዋሸሁሽ ነበር።»

ስልኩን ወደ እማ አዞርኩት። እማ ፊቷን ያዞረችው ድምፁ በመጣበት በኩል ነው፤ ትንሽ ስታ፣ ከስልኩ አጠገብ ያለውን ባዶ ታያለች።

ምሕረት አልጮኸችም። ትንፋሿ ግን መፍጠን ጀመረ፤ እጇ ወደ ደረቷ ሄደ። ረውዳ ስልኩን ተቀበለቻት። «ምን ታያለሽ?» አለቻት ረውዳ፤ ምን እንደምትል ሆስፒታል ነግረዋት መሆን አለበት። «አምስት ነገር ጥሪልኝ።»

«መስኮት» አለች ምሕረት። «ጃንጥላ። ያንቺ... ያንቺ ጫማ። ማንቆርቆሪያ...» በኻምጣኛ ነው የምትቆጥረው።

«ምን እያደረገች ነው?» አለች እማ።

«ጭንቀት ሲይዛት የምታየውን እየቆጠረች ልቧን ትመልሳለች፣ እማማ» አለች ረውዳ። «ሐኪሟ ያስተማረቻት ነው።»

«ማነሽ አንቺ? የዓብዱረሕማን ልጅ ነሽ?»

«አዎ፣ ረውዳ ነኝ።»

«አብረሻት ነሽ? ተመስገን።» እማ ዱላዋን ጉልበቷ ላይ አጋደመች። «ምሕረቴ፣ እኔ የማየው የለኝም፤ የምሰማውን ልቁጠርልሽ። የቅጣው ሳል። ታች ፍየል አለ፣ የገብረየስ ይመስለኛል። ነፋስ። የወንድምሽ እግር፤ ቆሞ አያውቅም ይሄ ልጅ፣ ይንቆራጠጣል።»

ምሕረት በጭንቀቱ መካከል ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች፣ ብዙ። ማንም ዝም በይ አላላትም። አያ ቅጣው «በቃሽ ልጄ» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እማ በዱላዋ ቁርጭምጭሚታቸውን ነካ አደረገቻቸው።

ሲወጣላት ጉሮሮዋን ጠረገችና «ሌላስ?» አለች።

«ሌላ ምን?»

«ሌላ የደበቃችሁኝ። ዛሬ ሁሉንም እፈልጋለሁ።»

ነገርኳት። ቀዩ በሬ መሞቱን። ደግሰው የሚባለው የአክስታችን ልጅ ሚስቱን መፍታቱን። እኔ ሁለት ወር ጨጓራ አሞኝ መተኛቴን። እየተናገርኩ ሳለ አንዳንዱን ለምን እንደደበቅን ራሴ አጣሁት፤ የበሬ መሞት በርገን ላለች ልጅ ምን ያደርግላታል፣ ምንስ ይጎዳታል? ልማድ ሆኖብን ነው። አያ ቅጣው ስልኩን ጠየቁኝ። ያዙትና ከፊታቸው አራቁት፤ ምሕረት ለረጅም ጊዜ ድምፃቸውን ለመስማት እንቢ እንዳለች ያውቃሉ።

«ምሕረት፣ ቅጣው ነኝ» አሉ። «እኔ ራሴ፣ ቅጣው።» ሌላ አልጨመሩም።

«ሰማሁ አያ ቅጣው» አለች። እሷም ሌላ አልጨመረችም። ለዛሬ ይህ ብዙ ነው።

ከዚያ እማ «አንቺስ?» አለች።

«እኔ ምን?»

«አንቺስ ምን ደበቅሽን?»

እኔ መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ስልኩን ከአያ ቅጣው ተቀብዬ ነቀነቅሁት። ምሕረት ነገረቻት። ሁሉንም ነገረቻት፦ እጇ መደንዘዙን፣ አውቶቡሱን፣ ከሰኔ ጀምሮ ከሥራ በሕመም ፈቃድ ላይ መሆኗን፣ ትናንት መውደቋን፣ በየሳምንቱ የምትሄድባትን ሐኪም። የምታወራው በዝግታ ነበር፤ እማ አንገቷን ወደ ስልኩ አስግጋ ትሰማለች። እኔ «ዛር ነው፣ ዓይነ ጥላ ነው፣ ጸበል ይሻልሻል» የሚል እስኪመጣ መልስ አዘጋጅቼ፣ ጥርሴን ነክሼ እጠብቃለሁ።

«ይህችን ሐኪም ስታወሪያት ይቀልሻል?» አለች እማ።

«ወዲያው አይደለም። አንዳንዴ ብሶብኝ እወጣለሁ። በሳምንቱ ግን ይቀላል።»

«እንግዲያው እንዳትቀሪባት። ስሟ ማን ነው?»

«ቶሪል።»

«ቶ... ምን ዓይነት ስም ነው! ክርስትና ስሟስ?»

«ክርስትና ስም የላትም እማ።»

«ያለ ስም እንዴት አድርጌ በጸሎት ላነሣት ነው? ጠይቂያት፣ ይኖራት ይሆናል።»

ይህን ጊዜ ረውዳም ሳቀች፤ ምሕረት ዞር ብላ አየቻት። ሦስት ዓመት ሙሉ ፊቷን ትክ ብላ አላየቻትም ነበር።

ልንሰነባበት ስንል ምሕረት እኔን ጠራችኝ። ቃል ልግባላት ፈለግሁ፤ ዓረፍተ ነገሩን ሳይቀር አዘጋጅቼ ነበር፤ ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነበር።

«ምሕረት፣ ከዛሬ ጀምሮ...»

«ቃል አትግባልኝ» አለች። «ቃልህን ሰምቻለሁ። ዝም ብለህ ማክሰኞ ደውል።»

ቁልቁለቱን ስንወርድ እማን ደግፌ ስለ መርዶ፣ ስለ ልማዳችን፣ ሰዉ ሁሉ በፍቅር ስም ስለሚያደርገው ግፍ ስናገር፣ እማ «ድንጋይ እንዳለ ንገረኝ እንጂ ሌላው ይቆይህ» አለችኝ። ዝም ብዬ ድንጋዩን እየነገርኩ ወረድኩ።

ማክሰኞ እማን ሰቆጣ አምጥቻት ነበር፤ ዓይኗን ዳግም ለሐኪም ለማሳየት ሳይሆን፣ ስልክ ያለበት ቦታ እንድትቀመጥ። ጠዋት ሲያስነጥሳት ነበር። ስደውል ምሕረት ቁርስ ላይ ነበረች፤ ማንኪያ ከሳህን ጋር ሲጋጭ ይሰማል።

«እንዴት ናት?»

«ደህና ናት» ልል ነበር። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።

«ጉንፋን ይዟታል። ትናንት ማታ ትኩሳት ነበራት፤ ዛሬ ጠዋት የለም። አልበላ ብላለች፣ ሻይ ጠጥታለች።»

ማንኪያው ቆመ። ትንፋሿ ይሰማኛል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ላባብላት የመጣልኝን ሁሉ ዋጥኩት።

«ሌላ የለም?» አለች።

«የለም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ማንኪያው እንደገና ጀመረ። «ጥቁር አዝሙድ አስሸትታት» አለችኝ፣ አፏ ሞልቶ።